ኮልት 1911 ልግዛ ወይስ የምከፍለው ለፈረሱ ማርክ ብቻ ነው?

አሌክስ_ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ሰዎች። በቀጥታ ልግባ። የመጀመሪያ 1911 ሽጉጤን ልገዛ ነው። ግላክ አለኝ፣ ሥራውን ይሠራል፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ካጸዳሁት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው እረሳዋለሁ። ልቤ ያለው 1911 ላይ ነው።

ጥያቄዬ ስለ ኮልት፣ ማርኩ ፈረስ ስለሆነው የአሜሪካ ሽጉጥ ሠሪ፣ ስም ነው። ሬንጅ (ተኩስ መለማመጃ) ላይ የማገኛቸው ትልልቅ ሰዎች «ኮልት ካልሆነ 1911 አይባልም» ይላሉ። እኩዮቼ ደግሞ «ብረቱ ላይ ለተቀረጸችው ፈረስ ነው የምትከፍለው፣ የፊሊፒንስ ወይም የቱርክ ሥራ በግማሽ ዋጋ ግዛና በተረፈው ጥይት ተኩስበት» እያሉ ያሾፉብኛል። አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ኮልት አይቻለሁ። አንዱ አዲስ ነው፣ ከካርቶኑ ያልወጣ። ሌላው ያገለገለ ነው፣ ሻጩ «የ80ዎቹ መጨረሻ ነው፣ የድሮ ዕቃ ነው፣ እንደዚህ አይሠሩም አሁን» እያለ ከአዲሱ በላይ ይጠራበታል። ድሮ ስለሆነ ብቻ ይሻላል እንዴ? በእጃችሁ የያዛችሁት ሰዎች መልሱልኝ፣ ዩቲዩቡን እኔም አይቼዋለሁ።

ሹፌሩ_91፦

አሌክስ፣ ያ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ አንተ የማታውቅ መስሎታል።

እኔ ከባድ መኪና ነው የምነዳው፣ በአይ 91 ሐርትፎርድ ኮነቲከት ሳልፍ ያ ወርቃማ ኮከብ የተረጨበት ሰማያዊ ጉልላት ከመንገዱ ላይ ይታየኛል። የድሮው የኮልት ፋብሪካ ነው። ጫፉ ላይ ፈረሷ አለች። ዛሬ ሕንፃው ውስጥ ሰው አፓርታማ ተከራይቶ ይኖርበታል፣ ፋብሪካው ወደ ዌስት ሐርትፎርድ ከሄደ ቆይቷል። ሁልጊዜ ሳየው የማስበው ያንን የ80ዎቹን ጣጣ ነው።

በፈረንጆቹ 1986 መጀመሪያ ላይ ወደ 1000 ገደማ ሠራተኛ አድማ መታ። አድማው እስከ 1990 ቆየ። አራት ዓመት! እነዚያ ብረት በፋይል እየሞረዱ፣ በእጃቸው እየገጣጠሙ ያረጁ ሰዎች በር ላይ ሰልፍ ይዘው ቆመው፣ ውስጥ የሚሠራው በምትካቸው የተቀጠረ አዲስ ሰው ነበር። በ1988 የአሜሪካ ጦር የኤም 16 ጠመንጃ ኮንትራቱን ነጥቆ ለቤልጂጉ መሣሪያ ሠሪ ኤፍ ኤን ሰጠው። በ1992 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። እንግዲህ «የ80ዎቹ መጨረሻ» የሚለው ሽጉጥ የተሠራው በዚህ መሀል ነው። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም፣ ጥሩ የወጣለትም አለ። ግን ለዘመኑ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ካለ እኔም የምሸጥለት ነገር አለኝ።

ኮልት ማለት አንድ ነገር አይደለም። የትኛው ዓመት ብለህ ጠይቅ። የሴሪ ቁጥሩን ይዘህ የምርት ዓመቱን ማወቅ ትችላለህ፣ ሻጩን ማመን አይጠበቅብህም።

በላይ_ዳላስ፦

ልጆች፣ ታሪክ ስታወሩ ከመጀመሪያው አውሩት እንጂ። ይሄን ሽጉጥ የነደፈው ጆን ብራውኒንግ ነው፣ የሠራው ኮልት። በመጋቢት 1911 እንደ ፈረንጆቹ በተደረገው ፈተና 6000 ጥይት ተተኮሰበት። ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ቀጠሉ። አንድም ጊዜ አልነከሰም፣ ማለትም አልተቀረቀረም። ተወዳዳሪው ሳቬጅ 37 ጊዜ ተበላሸ። በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ጦሩ ተቀበለው፣ ከዚያ በቤሬታ የተተካው በ1985 ነው። ከ70 ዓመት በላይ በአንድ ጦር ወገብ ላይ የቆየ ሽጉጥ ካላችሁ አምጡ።

አባቴ ቃኘው ነበሩ። ኮሪያ ላይ የእኛ ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተደርቦ በአሜሪካ መሣሪያ ነው የተዋጋው። አባቴ ስለ ሌላው መሣሪያ ብዙ አያወሩም ነበር፣ ስለ ኮልት ግን ሲጠየቁ «ከባድ ነው፣ ግን አያሳፍርም» ነበር መልሳቸው። እኔ ሴሪስ 70 የሚባለው ኮልት 1911 አለኝ። በ70ዎቹ የተሠራ ነው። ሰማያዊው ቀለሙ ከስንት ዓመት በኋላ አሁንም ፊት ያሳያል። አዲሶቹን በእጄ ይዤ አይቻለሁ፣ ደህና ናቸው፣ ግን ያ ቀለም የለም። ወንድሜ አሌክስ፣ ቅጂ አትግዛ። ኮልት ካልሆነ 1911 አይደለም፣ ሽማግሌዎቹ እውነታቸውን ነው።

ሜሮን_ሲያትል፦

ጋሽ በላይ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አባትዎ የታጠቁት ኮልት ላይሆን ይችላል 🙂

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 1911ኤ1ን (የተሻሻለውን 1911) ከኮልት በላይ ያመረተው ሬሚንግተን ራንድ ነው። አዎ፣ የጽሕፈት መኪናው ሬሚንግተን። ከዚያ ኢታካ አለ፣ ዩኒየን ስዊች ኤንድ ሲግናል የሚባል የባቡር ምልክት ሠሪ አለ። ሲንጀርም ሠርቷል! እናቶቻችን ቤት ያለው፣ በእግር የሚረገጠው ስፌት መኪና። 500 ብቻ ነው የሠራው፣ ዛሬ ሰብሳቢዎች ለአንዱ የሚከፍሉት ገንዘብ ቤት ቅድመ ክፍያ ይሆናል። ኮሪያ ላይ የነበረው መሣሪያ ከዚሁ ክምችት የወጣ ስለሆነ ስሙ ኮልት ቢባልም ብረቱን የሠራው የታይፕ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኮልት ካልሆነ አይደለም» የሚለው ነገር ከ80 ዓመት በፊት ነው ያበቃለት።

አሌክስ፣ እኔ ውድድር እተኩሳለሁ። 1911 ያላቸው ሰዎች «ነከሰብኝ» ብለው ሲያለቅሱ መጀመሪያ የማየው ስላይዱ (ከላይ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ብረት) ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም። ካርታውን ነው፣ ጥይት የሚጎርሰውን። እኔ ራሴ አንዴ ስሙን ከማልጠራው ሠሪ ርካሽ ካርታ ገዝቼ መከራዬን አይቻለሁ፤ ካርታውን ስቀይር ችግሩም አብሮ ሄደ። ቀጥሎ ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር አለ። 1911 ላይ ይሄ ጥፍር ራሱ ነው እንደ ስፕሪንግ የሚሠራው፣ ውጥረቱ ከላላ ቀለህ ይቀራል፣ ከጠበቀ ደግሞ ጥይቱ አይገባም። ሦስተኛው ስላይዱን ወደ ፊት የሚመልሰው ስፕሪንግ ነው። ርካሽ ነው፣ በጥቂት ሺህ ጥይት ይቀየራል፣ ሰው ግን አይቀይርም። ሽጉጡ አርጅቶ ስፕሪንጉ ከፋብሪካ የወጣበት ቀን ያለ ሆኖ ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የድሮዎቹ ላይ ጥይቱ ወደ አፈሙዙ የሚገባበት በር የተቆረጠው ለክብ አፍንጫ ወታደራዊ ጥይት ነው። አፉ ክፍት የሆነውን ዘመናዊ ጥይት ስትሰጠው ሊያንቀው ይችላል። ለቤት ጥበቃ የምታስበው ከሆነ አዲሱ ይሻልሃል፣ ክርክርም የለውም።

በላይ_ዳላስ፦

ሜሮን ልጄ፣ ሲንጀሩን እኔም አውቀዋለሁ፣ አላልኩም እንጂ። የአባቴ ሽጉጥ ግን ኮልት ነው፣ እሳቸው ካሉ አለቀ 😄

ሜሮን_ሲያትል፦

እሺ ጋሼ፣ አልጨቃጨቅም 😄 የእርስዎ ሴሪስ 70 ግን የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት እንደ ጣት የተሰነጠቀው ዓይነት ነው? እሱን አንድ ጊዜ ፈትተው ይዩት። ጣቶቹ አንዳንድ ጊዜ ይሰበራሉ፣ ለዚያ ነው ብዙ ባለቤት በድፍኑ የሚቀይረው። ኮልትም በኋላ ትቶታል።

ስድስት_ጎራሽ፦

ስለ ኮልት እያወራችሁ ፓይተንን፣ ባለ ስድስት ጥይቱን ተሽከርካሪ ሽጉጥ፣ አንድም ሰው አለማንሳቱ ነውር ነው።

ከ1955 እስከ 2005 የተሠራው ፓይተን ነው የኮልትን ስም የሠራው፣ 1911 አይደለም። 1911ን ማንም ይሠራዋል። የድሮውን ፓይተን ምላጭ የሳበ ሰው ሌላ ስድስት ጎራሽ ይደብረዋል። ግን እዚህም «የድሮ» የሚለው ነገር ያታልላል። ውስጡ በእጅ የተሞረደ ስስ ሥራ ስለሆነ ብዙ ሲተኮስ ጎማው (ጥይቶቹን የያዘው የሚዞረው ክፍል) በጊዜው መቆለፍ ያቆማል። ባዶ መሆኑን ደጋግማችሁ አረጋግጡና፣ በአንድ ጣት ጎማውን ቀለል አድርጋችሁ ተጭናችሁ መዶሻውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። መዶሻው ወደ ኋላ ሄዶ ቆሞ ጎማው ካልተቆለፈ፣ ያ ሽጉጥ ጠጋኝ ይፈልጋል። የድሮ ፓይተን በትክክል የሚያውቅ ጠጋኝ ደግሞ ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው።

በ2020 ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ላይ ጫጫታ ነበር፣ ጎማው አልዞረም የሚል ሮሮ በዛ። በኋላ ተስተካከለ። አዲሱ ከድሮው ይጠነክራል፣ ይሄን ስል የድሮ ወዳጆቼ ይቆጡኛል፣ ይቆጡ።

ኮልት ሲያጠፋም አያፍርም። ኦል አሜሪካን 2000 የሚባለውን ታስታውሳላችሁ? ዩጂን ስቶነርና ሪድ ናይት የነደፉት፣ 15 ጥይት የሚጎርስ፣ በ1991 ገበያ የወጣ። ምላጩ ለመሳብ ጉልበት ይጠይቅ ነበር። በ1993 ከገበያ ተጠራ፣ ወዲያው ሞተ። ፈረሷ እሱም ላይ ነበረች።

አሌክስ_ከቨርጂኒያ፦

እሺ፣ ብዙ ተማርኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አዲሱ ኮልት አሁን የቼክ ኩባንያ ሆኗል ይባላል፣ ይሄ ጥራቱን ነክቶታል? ሌላው፣ ሴሪስ 80 የሚለውን አትንካ የሚሉኝ አሉ። ለምን?

ሹፌሩ_91፦

የቼኩ ሲ ዜድ በ2021 ገዝቶታል፣ 220 ሚሊዮን ዶላርና አክሲዮን ሰጥቶ። በ2015 ኮልት ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ነበርና ባለቤቱ መቀየሩ እኔን አላስከፋኝም። ሽጉጥ መሥራት የሚያውቅ ነው የገዛው። ከባንክ ጋር ሲገፋ ከነበረበት ዘመን የተሻለ ነው፣ በእኔ ዓይን። ሽጉጡ አሁንም እዚያው ኮነቲከት ነው የሚሠራው።

ሴሪስ 80 በ1983 የመጣ ነው። ምላጩን ካልሳብክ የመቺው መርፌ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ቢወድቅብህ እንዳይተኮስ። አንዳንዱ ምላጩ ይከብዳል ይላል። ለውድድር ምላጩን የሚያስሞርድ ሰው ሊጨንቀው ይችላል። አንተ ልዩነቱን የምታውቀው አይመስለኝም።

ያገለገለውን የግድ ካማረህ ሻጩን ፊትህ ፍታልኝ በለው። ከግራ በኩል ስላይድ ማቆሚያው ሥር፣ እንደ ቅስት የተጫረ መስመር ካየህ ቀድሞ ይዞት የነበረው ሰው መግጠም አይችልም ነበር ማለት ነው። ሽጉጡን አይጎዳውም፣ ዋጋውን ግን ይጎዳዋል፣ ለመከራከሪያ ይሆንሃል። ስላይዱን ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው። ትንሽ መንቀጥቀጡ ችግር የለውም፣ የጦሩም እንደዚያ ነበር። የአፈሙዙ ጫፍ ስላይዱ ውስጥ የሚጫወት ከሆነ ግን ተወው። አልፈታም ካለህ ቻው በለው።

ቨርጂኒያ ስለሆንክ ወረቀቱ ቀላል ነው፣ ግሪን ካርድም ይበቃል፣ 21 ከሞላህ የፌዴራሉን የመሣሪያ መግዣ ፎርም 4473 ሞልተህ ምርመራው ሲያልፍ ትወስዳለህ። ሜሪላንድ ካለ ሱቅ ካየኸው ግን ሽጉጡ ቨርጂኒያ ወዳለ ነጋዴ ነው የሚላክልህ፣ እዚያው ይዘህ አትወጣም።

ሜሮን_ሲያትል፦

ከአዲሱ ጋር ሦስት አራት ጥሩ ካርታ ጨምር። ከሽጉጡ ጋር የሚመጣው አይበቃህም። ዳላስ ያሉት ጋሼ ደግሞ ቀለበቱን ፈተው ፎቶ ይልኩልናል 🙂