ርዕሰ መምህሩ «በርቱ» ከማለት አልፈው በገቢ ማሰባሰቡ እንዲሳተፉ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ የኮሚቴ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት 4 መደርደሪያና 300 መጻሕፍት ለመግዛት የወላጆች ኮሚቴያችን ገቢ ማሰባሰቢያ እያዘጋጀ ነው። ተማሪዎች ሜዳውን እየዞሩ ይራመዳሉ፤ ዘመድና ጎረቤት በየዙሩ ይህን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ርዕሰ መምህሩ ሐሳቡን አልተቃወሙም፤ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብለውናል። ነገር ግን ስብሰባ ላይ አይገኙም፣ የሚፈርሙት ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ ሰንብቷል፣ መምህራኑም የእሳቸውን ፊት እያዩ ዳር ይዘዋል። ሳናስቀይማቸው እንዴት ወደ ሥራው እናስገባቸው? ከእሳቸው ምን ምን መጠየቅስ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ከአስተዳደር በኩል

ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው ጥያቄው ላይ ነው። «ይተባበሩን» ሲባሉ ርዕሰ መምህሩ የሚታያቸው መጨረሻው የማይታወቅ ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ስለዚህ «በርቱ» ብሎ መሸኘት ይቀላል። የሚያሰጋቸውም ነገር አለ። ገንዘብ ቢጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ቢባክን ከበላይ አካል ወቀሳው ወደ እሳቸው ይመጣል፤ መምህራን «ይህም በእኛ ላይ?» ቢሉ አቤቱታውን የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ሳይጠየቁ መመለስ ከማንኛውም ልመና ይበልጣል።

አንድ ገጽ ብቻ አዘጋጁ፤ ሁለተኛ ገጽ ካለው አይነበብም። ከላይ የሚገዛው ነገርና ብዛቱ፣ ቀጥሎ ቀኑና የሚወስደው ሰዓት፣ ቀጥሎ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ከታች ደግሞ ከእሳቸው የሚፈለገው ይስፈር። እኔ ብሆን የምጠይቀው አምስት ነገር ነው፦ ለወላጆች በሚሄደው ደብዳቤ ላይ ፊርማና ማኅተም፤ ቀኑ በትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ላይ እንዲገባ፤ በጠዋት ሰልፍ 3 ደቂቃ ንግግር፤ አንድ ተጠሪ መምህር በስም እንዲመድቡ፤ በዕለቱ መክፈቻ ላይ 20 ደቂቃ መገኘት። ሁሉም ተደምሮ ከ2 ሰዓት አይበልጥም፤ ይህንንም ገጹ ላይ ጻፉት። ልኩ የታወቀ ሥራ አያስፈራም።

ገጹን ከቀጠሮው 3 ቀን በፊት ስጧቸው። ቀጠሮው የ20 ደቂቃ ይሁን፤ ሁለት ሰው ብቻ ይግባ። ሰባት ሰው ሆናችሁ ከገባችሁ ነገሩ ክስ ይመስላል። ሰኞ ጠዋትን፣ የፈተና ሳምንትንና የመንፈቀ ዓመቱን የመጀመሪያ 2 ሳምንታት ተዉት። ለዝግጅቱ አንድ ቀን ይዛችሁ ሳይሆን ሦስት አማራጭ ቀን ይዛችሁ ግቡ። የመረጡትን ቀን ራሳቸው ይጠብቁታል። ቀጠሮው ሲያልቅ የተስማማችሁበትን በዚያው ዕለት በአምስት መስመር ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ደብዳቤውን በተመለከተ ረቂቁን «ያርሙት» ብላችሁ አትስጡ። ማረም ሥራ ነው፤ ለነገ ይባላል። በትምህርት ቤቱ አርማ ተዘጋጅቶ፣ ቀኑና ቁጥሩ ብቻ ክፍት ሆኖ፣ ለፊርማ ዝግጁ ሆኖ ይቅረብ። ግልባጩንም ለጸሐፊያቸው ስጡ፤ ወረቀት ከጠረጴዛ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ጸሐፊ ነው።

መልስ፦ ሂሳብ ያዥ

ከላይ የተባለው ስጋት ላይ ልጨምር። ርዕሰ መምህሩ ጥሬ ገንዘብ እንዳይነኩ አድርጉ፤ ይህንንም ገና ከጅምሩ ንገሯቸው። እፎይ የሚሉት ያኔ ነው። እሳቸው የሚያዩት ሪፖርቱን ነው፤ የሚቆጥሩት፣ የሚመዘግቡትና ባንክ የሚያስገቡት ሌሎች ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተከታታይ ቁጥር ያለው ባለ 50 ቅጠል ደረሰኝ ይታተማል፤ የትኛው ጥራዝ ለየትኛው ክፍል እንደተሰጠ ተፈርሞ ይመዘገባል። የተበላሸ ደረሰኝ አይቀደድም፤ «የተሰረዘ» ተብሎ በጥራዙ ውስጥ ይቀራል። ቆጠራው ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ይካሄዳል። ሁለቱም የቆጠራ ቅጹ ላይ ይፈርማሉ። ገንዘቡ በማግስቱ፣ ባንክ ካልተከፈተም በተከፈተበት የመጀመሪያ ቀን ገቢ ይሆናል። ከተሰበሰበው ላይ ቀንሶ ለውኃ ወይም ለድንኳን መክፈል ክልክል ነው፤ ወጪው ትክክል ቢሆንም እንኳ ደረሰኙና የባንክ ወረቀቱ አይገጥሙም፤ ሐሜት የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሁለት ፊርማ ይሁን። የትምህርት ቤቱ ደንብ ርዕሰ መምህሩ ፈራሚ እንዲሆኑ ካዘዘ ይፈርሙ፤ ብቻቸውን ግን አይሁኑ።

ሌላው የተጣራውን ገቢ ለይታችሁ ንገሯቸው። 100 ተሰብስቦ 40ው ለዝግጅቱ ከወጣ ለመደርደሪያ የቀረው 60 ነው፤ ሰልፍ ላይ 100 ብለው ካወጁ በኋላ 60 ብቻ ሲገኝ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው።

መልስ፦ የዝግጅት አስተባባሪ

ተሳትፏቸው በተማሪው ዓይን የሚታይ ሲሆን ነገሩ ይሞቃል። ርዕሰ መምህሩ የመጀመሪያውን ዙር ከትንንሾቹ ጋር ይራመዱ። ግቡ ሲሞላ ደግሞ የሚያደርጉት አንድ ነገር ቃል ይግቡ፦ አንድ ባልዲ ውኃ ይደፋባቸው፣ ወይም ተማሪ ለግማሽ ቀን ወንበራቸው ላይ ይቀመጥ፣ ወይም ከመምህራን ጋር ተሰልፈው ከተማሪዎች ጋር ኳስ ይጫወቱ።

ግን ጥንቃቄ አለው። ምርጫውን በግል አቅርቡ፤ ሦስት አማራጭ ስጡና ይምረጡ። ተማሪ ፊት «እሺ ይበሉ» ማለት ማስገደድ ነው። ግቡም የገንዘብ መጠን አይሁን፤ የተራማጅ ብዛት ይሁን። 600 ተማሪ ካለ «480 ከተራመዱ» በሉ፤ 80 በመቶ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ቃል የሚገባለት ዘመድ የሌለው ልጅም ለግቡ እኩል ይቆጠራል። የከፈለና ያልከፈለ ተማሪ ስም ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ወይም ለብዙ ሰብሳቢ ልጅ ሰልፍ ላይ ሽልማት መስጠት ፈጽሞ አይሁን። ወላጅ የሚቆጣውም፣ ርዕሰ መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት እምቢ የሚሉትም በዚህ ነው።

ሰሌዳው ላይ አራት ባዶ መደርደሪያ ሣሉና የአንዱ ዋጋ በገባ ቁጥር አንዱን ቀቡ። ርዕሰ መምህሩ ሰልፍ ላይ ቁጥር ከማንበብ «ሁለተኛው ሞላ» ቢሉ ለልጅም ይገባዋል።

መልስ፦ የደጋፊ ድርጅቶች ጉዳይ

የባልዲው ነገር እኔን አያሳምነኝም። ክብራቸው እንዳይነካ የሚጠነቀቁ ርዕሰ መምህር ካሏችሁ ጭራሽ አታንሱት፤ የጀመራችሁትንም ያበላሻል። የእሳቸው ትልቁ ጉልበት ያለው ወንበራቸው ላይ ነው። ድርጅት ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያየው ማን እንደፈረመ ነው፤ ከኮሚቴ የመጣ ደብዳቤ ተጠባባቂ መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ከርዕሰ መምህር የመጣው መልስ ያገኛል።

እናንተ 10 ድርጅት ለዩ፣ ደብዳቤውን አዘጋጁ፣ እሳቸው ይፈርሙ። ከአሥሩ ለሦስቱ ብቻ በ5 ቀን ውስጥ ይደውሉ። የሚሉት በአራት መስመር ተጽፎ ከስልክ ቁጥሩ ጋር ይሰጣቸው፦ ምን እንደሚገዛ፣ ስንት ተማሪ እንደሚጠቀም፣ ከድርጅቱ ምን እንደሚፈለግ፣ እስከ መቼ። «የቻላችሁትን» አይበሉ፤ «አንድ መደርደሪያ» ይበሉ። ሰጪው በምን መልክ እንደሚመሰገንም (በመደርደሪያው ላይ ስሙ ይጻፍ፣ አይጻፍ) አስቀድማችሁ ወስኑ። ይህን የመፍቀድ ሥልጣን የእሳቸው ነው፤ ሳይጠየቁ ቃል ከተገባ ይቀየማሉ፣ እውነትም አላቸው።

ጠያቂ፦ የኮሚቴ ጸሐፊ

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። መምህራኑ ሥራ በዝቶብናል እያሉ ነው። ደግሞስ ርዕሰ መምህሩ በመሀል ቢቀየሩ?

መልስ፦ ከአስተዳደር በኩል

መምህራን ገንዘብ እንዲሰበስቡ አታድርጉ፤ ደረሰኝም አታስይዟቸው። ከክፍል ኃላፊ መምህር የሚፈለገው ወረቀት ማደልና በዕለቱ ክፍሉን ሜዳ ማድረስ ብቻ ነው በሉ። 30 ተማሪ ላለው ክፍል ዙር የሚቆጥሩ 2 ወላጆች ይመደቡ፤ ተጠሪው መምህር ይህን ድልድል ከ2 ሳምንት በፊት ለመምህራን ያሳይ። የእግር ጉዞው የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ላይ ከሆነ የሚነካው ትምህርት ጥቂት ነው። የሚካካስበትን ቀን ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ያሳውቁ፤ ከኮሚቴ አፍ ከወጣ ሥልጣናቸውን የተጋፋችሁ ይመስላል።

ለመቀያየሩ መፍትሔው አቃፊ ነው። የተፈረመው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የቆጠራ ቅጾቹ፣ የባንክ ወረቀቱና የደጋፊዎች ዝርዝር በአንድ አቃፊ ሆኖ አንዱ ግልባጭ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ አንዱ በእናንተ ዘንድ ይቀመጥ። አዲስ ሰው ሲመጣ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያንኑ አንድ ገጽ አድሳችሁ ግቡ፤ የቀድሞው የፈቀዱትን እንደ መብት አትጥቀሱ።

መልስ፦ ሂሳብ ያዥ

ሪፖርቱን እንዳትረሱ። ከዝግጅቱ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በግማሽ ገጽ ይውጣ፤ ሰሌዳ ላይ ከመለጠፉ አንድ ቀን በፊት ርዕሰ መምህሩ ይዩት። ቃል ተገብቶ ያልተከፈለውን ለብቻው አስፍሩት፤ ከገቢው ጋር አይደመርም።