«ክራውድ»፣ «ሞብ»፣ «ስዋርም»፦ ለብዙ ሰው የትኛው ቃል ይስማማል?

ጠያቂ፦

ለተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የምኖረው በአሜሪካ ሲሆን በማኅበራችን መጽሔት የሚወጡ ጽሑፎችን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። በቅርቡ ስለ ጥምቀት በዓል የተጻፈ ጽሑፍ ደርሶኝ «ሕዝቡ ታቦታቱን አጅቦ ወደ ጃን ሜዳ ተመመ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስተረጉም፣ መዝገበ ቃላቱ ለ«ሞብ» የሰጠው ፍቺ «የተሰበሰበ ብዙ ሰው» የሚል ስለነበር «ሕዝቡ»ን «ሞብ» ብዬ አስቀመጥሁት። እንግሊዝኛውን የሚያርሙልን ሴት ቃሉን በቀይ አስምረውበት፣ ከጎኑ «ይህ ሰዎቹን መስደብ ነው» ብለው ጻፉልኝ። ነጭ ለብሶ፣ እልል እያለና እያሸበሸበ የሚሄድን ሕዝብ ሳላውቅ እንደ ሰደብሁት ስረዳ እጅግ አዘንሁ።

ስለዚህ «ክራውድ»፣ «ትሮንግ»፣ «ሞብ»፣ «ሆርድ»ና «ማልቲቲዩድ» የሚለያዩት በብዛት ነውን? ሰዎቹ ሦስት ሺህ ሲሆኑ አንዱ፣ ሠላሳ ሺህ ሲሆኑ ሌላው ይባላልን? ደግሞስ ከ«ክራውድ» በኋላ የሚመጣው ግሥ በነጠላ ነው ወይስ በብዙ ቁጥር?

መልስ ሰጪ 1፦

ልዩነቱ ከቁጥር ይልቅ ተናጋሪው ስለ ተሰበሰቡት ሰዎች ባለው ስሜት ላይ ነው። «ሞብ» የተወለደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ «ሞቢሌ ቩልጉስ» ከሚል የላቲን ሐረግ ተቆርጦ ነው፤ የሐረጉ ትርጉም «ሐሳቡ የማይጸና ተራ ሕዝብ» ማለት ስለሆነ ንቀቱ ከአወላለዱ ጀምሮ አብሮት ያለ ነው። ጸሐፊው ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1710 ቃላትን እንዲህ እየቆረጡ መናገርን አጥብቆ ቢቃወምም ቃሉ ግን ጸና። ዛሬ «ሞብ» ሲባል አንባቢው የሚያየው ለድብደባ ወይም ለዘረፋ የተነሣሣ፣ ቁጣው የገነፈለ ሰው ነው፤ በዜናዎቻችን «የደቦ ፍርድ» የምንለውም በእንግሊዝኛ «ሞብ ጀስቲስ» ይባላል። ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ገበሬ አዝመራ የሚሰበስብበት ደቦ ለዚህ ክፉ ሥራ ስም መዋሉ እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በአንጻሩ በአውስትራሊያ የካንጋሮ መንጋ «ሞብ» ይባላል፤ የሀገሩ ነባር ሕዝቦችም የገዛ ወገናቸውን በፍቅር «ሞብ» ብለው ይጠሩታል፤ ይሁን እንጂ ይህ ለአሜሪካ አንባቢ አይሠራም።

«ክራውድ» በራሱ አያሞግስም፣ አይነቅፍም። ጥንታዊ ሥሩ «መግፋት» የሚል ግሥ ስለሆነ ከእኛ «ግፊያ» ጋር ይዛመዳል። «ትሮንግ»ም እንዲሁ ከመጫንና ከመተፋፈግ የመጣ ሲሆን፣ ከንግግር ይልቅ በጽሑፍ የሚዘወተርና ለበዓል የሚስማማ ቃል ነው። «ማልቲቲዩድ» የመጽሐፍ ቅዱስ ቃና አለው፤ በሉቃስ ወንጌል 2፥13 «ብዙ የሰማይ ሠራዊት» የሚለውን እ.ኤ.አ. የ1611 የእንግሊዝኛ ትርጉም «ማልቲቲዩድ» ብሎ ይጀምረውና ሠራዊቱን «ሆስት» ይለዋል። «ሆርድ» ግን መነሻው የቱርክ ቋንቋዎች የጦር ሰፈርን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ፈረሰኛ ወራሪዎችን እያሳሰበ ስለ ቆየ፣ ዛሬ ስለ ሀገር ጎብኚዎች እንኳ «ሆርድ» ብሎ የሚጽፍ ሰው መሰልቸቱን ይገልጣል።

መልስ ሰጪ 2፦

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ስለ «ስዋርም» ካልተነገረ ጉዳዩ ጎደሎ ይሆናል። «ስዋርም» የንብና የአንበጣ ቃል ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ሰብላችንን ያወደመውን የበረሃ አንበጣ መንጋ የእንግሊዝኛ ዜናዎች የጠሩት በዚሁ ስም ነበር። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ2015 በሜዲትራኒያን ባሕር በኩል የሚመጡ ስደተኞችን «ስዋርም» ባሉ ጊዜ ብርቱ ወቀሳ የገጠማቸው ስለዚህ ነው። ከእነዚያ ጀልባዎች ውስጥ የእኛም ልጆች ስለነበሩ፣ ቃሉን በሰው ላይ ባነበብሁ ቁጥር ያመኛል።

የእኛን ተርጓሚዎች የሚያሳስተን አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። አማርኛ ብዙውን ጊዜ ስሙን «ሕዝብ» ወይም «ሰው» ብሎ ይተወውና ቀለሙን ሁሉ በግሡና በንጽጽሩ ላይ ያደርገዋል፦ ሕዝቡ ተመመ፣ ጎረፈ፣ ነቅሎ ወጣ፣ እንደ አሸን ፈላ፣ ጠጠር መጣያ ታጣ። «ተመመ» የሚለው ብቻውን ዝማሬውንና አካሄዱን ያሳያል። በእንግሊዝኛም «ፍሎክ» የመሳሰሉ ግሦች ቢኖሩም፣ አንባቢው አስቀድሞ የሚፈርደው በስሙ ነው። እርስዎ የ«ተመመ»ን ክብደት በስሙ ላይ ለመጫን ሲፈልጉ «ሞብ» ላይ ወደቁ እንጂ፣ ጥፋቱ የመዝገበ ቃላቱ አጭርነትም ጭምር ነው።

መልስ ሰጪ 3፦

የግሡን ጥያቄ ልመልስ። በአሜሪካ «ክራውድ» እንደ አንድ አካል ተቆጥሮ ግሡ በነጠላ ይሆናል፤ በብሪታንያ ሰዎቹ በየግላቸው የሚያደርጉት ሲታሰብ በብዙ ቁጥርም ይጻፋል። የእርስዎ መጽሔት የአሜሪካን ልማድ ስለሚከተል በነጠላ ይጻፉ። «ፒፕል»ና «ፖሊስ» ግን በሁለቱም ሀገር ግሣቸው ብዙ ነው። ወጣቶቻችን ለሥራ ማመልከቻ ሲጽፉ በ«ፖሊስ» ላይ ነጠላ ግሥ ማድረጋቸውን ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ስኮር»ን ይጠንቀቁ። ብዙዎች የጨዋታ ውጤት ብቻ ይመስላቸዋል፤ በጥንቱ አቆጣጠር ግን ሃያ ማለት ነው። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 በጌቲስበርግ ንግግራቸውን የጀመሩት «አራት ስኮርና ሰባት ዓመት» ብለው ነበር፤ ይኸውም ሰማንያ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ 1776 ይወስደናል። በዜና «ስኮርስ ኦፍ ፒፕል» ሲባል ብዙ ደርዘን ሰው እንደ ማለት ነው።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ሞብ»ን አውጥቼ ስሙን «ትሮንግ» አድርጌዋለሁ፤ በ«ተመመ» ፈንታም መፍሰስን የሚገልጽ ግሥ ፈልጌ በነጠላ አስገብቻለሁ። በሌላ አንቀጽ ደግሞ «ሦስት ታውዘንድስ ኦፍ ፒፕል» የሚል አለኝ፤ ትክክል ነውን?

መልስ ሰጪ 3፦

አይደለም። ቁጥሩ ከተጠቀሰ «ታውዘንድ» ያለ «ስ» እና ያለ «ኦፍ» ይጻፋል፤ «ታውዘንድስ ኦፍ» የሚባለው፣ እኛ «በሺዎች የሚቆጠሩ» እንደምንለው፣ ቁጥሩ በውል ሳይነገር ሲቀር ነው። ሦስት ሺህ መሆናቸውን ጸሐፊው እርግጠኛ ካልሆኑ ሁለተኛውን ይምረጡ።