በሚኒባስ አድሮ የተራራ ብስክሌት መንዳት፦ ሦስት ሰው፣ ሦስት ብስክሌትና አንድ የተዋስነው መኪና

ዳገት_ወዳጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ የአራት ኪሎ ልጆች ስንሆን፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት በየእሑዱ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርገን እስከ እንጦጦ በብስክሌት እንወጣለን። ሆኖም ዳገቱን ጨርሰን ጫካው ውስጥ ወዳሉት የብስክሌት መንገዶች ስንደርስ ጉልበታችን አልቆ፣ ፀሐዩ ከርሮ፣ መንገዱም በእግረኛ ተሞልቶ ስለሚጠብቀን፣ የሄድንበትን ነገር በወጉ ሳናጣጥመው እንመለሳለን። አጎቴ በሥራ ቀናት ለተማሪዎች ሰርቪስ የሚሰጥ አሮጌ ሚኒባስ አለው፤ ከብዙ ልመና በኋላም ዓርብ ማታ ወስደን እሑድ ማታ እንድንመልስለት ፈቅዷል። ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ሁለት ነው፤ ወንበሮቹ ሰኞ ማለዳ በቦታቸው እንዲገኙና ተማሪዎቹ ጭቃ እንዳይረግጡ።

ያሰብነው በኅዳር ወር ብስክሌቶቹን ጭነን ወጥተን፣ መኪናው ውስጥ አድረን፣ ጎሕ ሲቀድ መንዳት ለመጀመር ነው። የት ማደር እንደሚሻል፣ ሦስት ሰውና ሦስት ብስክሌት እንዴት አብሮ እንደሚያድር፣ ብርዱንም በምን እንደምንችለው ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን እናመሰግናለን። ለሙቀት ከቤት ትንሽ የከሰል ምድጃ ለመያዝ አስበናል።

የሱባ_መንገደኛ

ውድ ጠያቂ፣ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ ልነሣ፤ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳ ስለምፈልግ ነው። ምድጃውን እቤት ይተዉት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም ሦስት ሆነን እራት ያበሰልንበትን ከሰል አመድ ለብሶ ስናየው የጠፋ መስሎን፣ ለሙቀት ብለን መኪናው ውስጥ በወንበሮቹ መካከል አስገባነውና መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ተኛን። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ሽንት አጣድፎኝ ስነቃ ግንባሬን በገመድ ያሰሩት ያህል ወጥሮ ይዞኝ ነበር፤ የጎኑን በር እጀታ አገኘሁት እንጂ ለመሳብ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። በሁለት እጄ ጎትቼ ከፈትኩትና ከእነ ጋቢዬ መሬት ላይ ወደቅሁ። አንደኛው ጓደኛዬ እስኪነጋ ሲያስመልሰው አደረ፤ ሌላኛውን ደግሞ ለመቀስቀስ በጥፊ መምታት ነበረብን። ያን ሌሊት ያተረፈን ከመተኛቴ በፊት የጠጣሁት ሦስት ኩባያ ሻይ ነው። ረመጥ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝም ሰው መታመሙን ሳያውቅ በእንቅልፉ ያልፋል። አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ወደ ቦታው ስመለስ፣ ቤቱ አራት ኪሎ የሆነ ሰው እንጦጦ ላይ መኪና ውስጥ የሚያድርበት ምክንያት አይታየኝም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በርና ጥበቃ ያለው ቦታ ነው፤ ከበሩ ውጭ በመንገድ ዳር ቆሞ ማደር ደግሞ ባትሪ እያበሩ ለሚጠይቁ ሰዎች መልስ ሲሰጡ ማንጋት ነው። ለእንጦጦ የሚሻለው ቤታችሁ ተኝታችሁ፣ በማለዳ ብስክሌቶቹን በመኪናው አውጥታችሁ፣ ያተረፋችሁትን ጉልበት ጫካው ውስጥ መጨረስ ነው። በውጭ አገር ባሉት የተራራ ብስክሌት ፓርኮች ብስክሌተኛውን ከእነ ብስክሌቱ ወደ ጫፍ የሚያወጣው የኬብል መጓጓዣ ነው፤ እኛ ዘንድ ይህን ሥራ ሚኒባሱ ይሠራዋል ማለት ነው። እርግጥ አንዳችሁ በየተራ ሾፌር ሆናችሁ ታች መጠበቅ ይኖርባችኋልና ማን መቼ እንደሚነዳ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኛ ጫካ መሀል ቆመን የተጨቃጨቅነው በዚህ ብቻ ነው።

ማደር ትርጉም የሚኖረው ራቅ ሲሉ ነው። በሰበታ በኩል በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ጫካ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ምርጫ ይመስለኛል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው የወፍ ዋሻ ጫካ በመጣ የጽድ ዘር እንደለማ የሚነገርለት ጥንታዊ ጫካ ሲሆን፣ በር ላይ ከፍሎና ተመዝግቦ የሚገባበት፣ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ እንግዶችንም የለመደ ቦታ ነው። መንገዶቹ ለብስክሌት ተብለው የተጠረቡ ሳይሆኑ የጫካ መኪና መንገድና የእግር መንገድ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ጠዋት ጉሬዛዎቹ ከዝግባ ወደ ዝግባ ሲዘልሉ እያዩ ቁልቁል መውረድን የሚያህል ነገር አላየሁም። ልምድ ካገኛችሁ በኋላ በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለውን ወንጪን አስቡ፤ የሐይቁ አፋፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ስለሚበልጥ ብርዱም በዚያው ልክ ነው።

ስለ ብርዱ፦ በከፍታ 1000 ሜትር በጨመርን ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ ኅዳር ላይ ከተማው ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው እዚያ ምን እንደሚጠብቀው መገመት ይችላል። መኪና ውስጥ ብርድ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ከብረቱ ወለል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የካርቶን ንጣፍ፣ በላዩ ስፖንጅ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ይሁን፤ ጋቢ መደረቡ መልካም ቢሆንም ጥጥ ነውና ከረጠበ አያሞቅም። ከሚሊተሪ ተራ የገዛሁትን የብረት ኮዳ ውጭ ባፈላሁት ውኃ ሞልቼ በወፍራም ካልሲ እጠቀልልና እግሬ ሥር አደርገዋለሁ፤ እስከ ሌሊቱ አጋማሽ ይበቃል። በተቃራኒ ጎን ያሉ ሁለት መስኮቶችን ሁለት ጣት ያህል ክፍት መተውም ግድ ነው። ሦስት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚያወጣው እርጥበት መስታወቱ ላይ ተጠራቅሞ ወደ ንጋት ፊት ላይ ይንጠባጠባል።

ፒያሳ_ጠጋኙ

ብስክሌት መጠገን እንጀራዬ ስለሆነ በብስክሌቶቹ ላይ ብቻ ልጨምር። የፊት ጎማዎቹን ፍቱና ብስክሌቶቹን ከሾፌሩ ወንበር ኋላ በቁማቸው፣ አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ እያዞራችሁ፣ በመካከላቸው አሮጌ ብርድ ልብስ እያስገባችሁ እሰሯቸው። ዲስክ ፍሬናችሁ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ጎማው በወለቀበት ቦታ የታጠፈ ካርቶን አስገቡ፤ አንድ ሰው ሳያስበው የፍሬኑን እጀታ ከጨበጠው የፍሬኑ ሸራዎች ተጣብቀው ጎማው አልገባ ይላችኋል፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ይህን ማላቀቅ ቀላል አይደለም። ሲመሽ ብስክሌቶቹን ወደ ውጭ አውጥታችሁ፣ ከእነ ጎማቸው አንድ ላይ በሰንሰለት ከመኪናው ጋር ቆልፉና ሸራ አልብሷቸው፤ ከሸራ ተራ ትንሹን መግዛት ይበቃል። ሰንሰለቱን በመኪናው ውስጥ አሳልፋችሁ አንዳችሁ እግር ሥር ብታደርጉት ማንም ሲነካው ትነቃላችሁ።

ጫካው ባሕር ዛፍ ከሆነ ልጡ እንደ ገመድ እየተላጠ መንገዱ ላይ ስለሚወድቅ የኋላው ማርሽ መቀያየሪያ ውስጥ ይጠመጠማል። እንግዳ ድምፅ ስትሰሙ ፔዳሉን መምታት አቁማችሁ ውረዱ፤ ብዙ የተሰበረ ዕቃ ወደ እኔ የሚመጣው «ትንሽ ልግፋበት» ብለው ነው። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ ለ70 ኪሎ ሰው 30 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ሙሉት፤ ሱቅ ውስጥ እንደሚደረገው እስከ 50 ከወጠራችሁት ብስክሌቱ በየሥሩ ላይ ይፈናጠራል። እንጦጦ ስትወርዱ ደግሞ ማለዳ የሚለማመዱ አትሌቶች ከኩርባው ማዶ ሊኖሩ እንደሚችሉ አትርሱ።

ጡረተኛ_ሾፌር

ልጆቼ፣ እኔ ብስክሌት የነዳሁት በልጅነቴ ጃንሜዳ በደቂቃ እየተከራየሁ ነው፤ መኪና ግን ከ30 ዓመት በላይ ነድቻለሁና ስለ እርሱ ልናገር። የአጎትህ መኪና አሮጌ ከሆነ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ሳይኖረው አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ዳገት ላይ አልጎተት ሲላችሁ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ማርሽ ቀንሳችሁ ረጋ ብላችሁ ውጡ። ስትመለሱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ የተቃጠለ ሸራ ይሸተዋል፤ ፍሬኑም እንደ ስፖንጅ ይሰምጥበታል።

ከላይ ብስክሌቶቹን ውስጥ አድርጉ የተባለውን እደግፋለሁ። ፖርቶመጋላ ላይ የወጣ ብስክሌት መኪናውን ከማወዛወዙም በላይ የበር ቁመት ስለሚያስረሳችሁ አንድ ቀን ዋጋ ያስከፍላችኋል። ለማደር ስትቆሙ አፍንጫው ወደ መውጫው የዞረ ይሁን፤ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፤ ራስጌያችሁን ወደ ዳገቱ በኩል አድርጉ፤ ከትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር ግን ከቶ አትቁሙ፤ ነፋስ ባለበት ሌሊት ቅርንጫፍ ይጥላል። በመኪናው ባትሪ ሌሊቱን ስልክ ስትሞሉና መብራት ስታበሩ ካደራችሁ ጠዋት በግፊ ነው የምታስነሡት፤ እርሱም ቁልቁለት ካለ ነው። የተረፈውን ምግብ ሜዳ ላይ አትተዉት፤ ጅብ በብስክሌት ባይሳብም በእርጎና በሥጋ ይሳባል። እኔ ብሆን በሶና ቆሎ ይዤ እሄድ ነበር። ከፍታ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ምስር እስኪበስል የምታቃጥሉት ጋዝ አያዋጣም።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዋን ሌሊት ጫካ ከመሄዳችሁ በፊት በግቢያችሁ እደሩባት። የጎደለው ነገር የሚታወቀው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነውና፣ በዚያ ሰዓት ቤታችሁ አጠገብ ብትሆኑ ይሻላል።

ዳገት_ወዳጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጋሽ ሾፌር፣ ምክርዎን ተቀብለን ባለፈው ዓርብ በግቢያችን አደርንባት። ከሰሉን ትተነዋል። የኋላዎቹን ሁለት ረድፍ ወንበሮች ስናወጣ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ የተማሪ ጫማ ለዓመታት ያስገባው ውኃ ብሎኖቹን ስላዛጋቸው አራቱ ከእነ ራሳቸው ተቆረጡ። ወለሉ ላይ ሦስታችንም የተመቻቸነው እንደ ሰርዲን አንዱ ራስጌ ሌላው ግርጌ ሆነን ነው፤ የጓደኛዬ ካልሲ ያን ሌሊት ከብርዱ ይልቅ አስቸግሮኛል። መስኮቶቹን ሁለት ጣት ከፍተን አጎበር ስለወጠርንባቸው መስታወቱ ላይ ጤዛ የያዘው በጣም ጥቂት ነበር። ስፖንጁን ያለ ካርቶን ያነጠፈው አንደኛው ልጅ ግን ሌሊት ተነሥቶ ሽንጡን እየያዘ እቤቱ ገብቶ ተኛ።

9 ሰዓት ላይ በእርግጥም የጎደለን ነገር ታወቀ፤ ለዘበኛው አልነገርንም ነበር። በዱላው መስኮቱን ደብድቦ ከእነ ብርድ ልብሳችን ካስወጣን በኋላ፣ ከቤት ተባራችሁ ወይ ብሎ በሐዘኔታ ጠየቀን። የሱባ መንገደኛ ያሉትን የበር ላይ ምዝገባ ነገር የተረዳሁት ያኔ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሱባ ስንሄድ በቅድሚያ ጥበቃዎቹን እናነጋግራለን።

አሁን የቸገረን ሰኞ ከመድረሱ በፊት የተቆረጡትን አራት ብሎኖች መተካት ነው። ሱማሌ ተራ 12 ቁጥር ብለን እንጠይቅ ወይስ 14?

ጡረተኛ_ሾፌር

ቁጥሩን ተውት። ካልተቆረጡት አንዱን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ናሙና ሳይዝ ሱማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ሁለቴ ይመላለሳል። ስትመልሱትም ጥርሱን ግሪስ ቀቡት፤ አጎትህ እንዳያይ ሳይሆን ሌላ ጊዜ ስታወጡት እንዳይቆረጥ ነው።