የፒክአፔን ካሶኒ ራሴ በስፕሬይ ልሸፍነው ነው፤ ሳልጀምር ንገሩኝ

የነጯ እመቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነጭ ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለችኝ፤ ከአባቴ ነው የተረከብኳት። ብሎኬት፣ ፌሮ፣ አሸዋ፣ አንዳንዴ ደግሞ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃ አመላልስባታለሁ። ካሶኒው ውስጥ ጥቁር የፕላስቲክ ንጣፍ ነበር። አባቴ «ቀለሙን ይጠብቃል» ይሉ ስለነበር ለዓመታት ማንም አልነካውም። ባለፈው ሳምንት አነሳሁት። ሥሩ እርጥብ አሸዋ ተኝቷል። ፕላስቲኩ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር እየፈተገው ቀለሙን ልጦታል። ከጎማው በላይ ባለው ጉብታ ዙሪያ ላሜራው ዝጓል። በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጌ አየሁት፤ ደግነቱ አልተበሳም።

ያንን ፕላስቲክ መመለስ አልፈልግም። በኮምፕሬሰር የሚረጨውን፣ ሲደርቅ እንደ ሻካራ ጎማ የሚሆነውን ልሞክር ነው። ማጠንከሪያው ለብቻው የሚመጣውን፣ ባለ አራት ጠርሙሱን። ኮምፕሬሰር ከጎረቤት እዋሳለሁ። ጥያቄዬ ሦስት ነው። ቀለሙን እስከ ላሜራው ድረስ መፋቅ አለብኝ? ተራ የአቧራ ማስክ ይበቃል? አራት ጠርሙስስ ያዳርሳል ወይስ መሃል ላይ ያልቅብኛል?

ባለ ሮለሩ፦

እኔ በሮለር ነው የቀባሁት። ኮምፕሬሰር መዋስ የለ፣ ግቢውን ሙሉ በጉም መሸፈን የለ። ወፈር ብሎም ይቀመጣል። መልኩ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አስፋልት ነው የሚመስለው። ብሎኬት ለሚጫንበት ካሶኒ ምን ቸገረሽ?

ሁለቴ የቀባ፦

እህቴ፣ ሁለቴ የቀባሁት ወድጄ አይደለም።

የመጀመሪያ ጊዜ ካሶኒውን በሳሙና አጠብኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አደረግኩት፣ ረጨሁ። ሲያልቅ ከማማሩ የተነሳ ጎረቤት ጠርቼ አሳይቻለሁ። ከሁለት ወር በኋላ በርሜል ስጎትት አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ተነሳ። በጥፍሬ ያዝ አድርጌ ሳብኩት። ክንድ የሚያህል ቁራጭ ያለ ምንም ትግል ተላቆ መጣ፤ እባብ ጥሎት የሄደ ቆዳ ይመስላል። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ልስልስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሥሩ ያለው የመኪናው ቀለምም ልክ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ያኔ ነው የገባኝ። ዕቃው ምንም አልጎደለውም። የሚይዘው ነገር ያልሰጠሁት እኔ ነኝ። ለካ መሃል ለመሃል ፍቄ፣ የወለሉን ሸንተረሮችና ጥጋጥጉን ዘልዬዋለሁ።

እና ለመጀመሪያ ጥያቄሽ፦ እስከ ላሜራው መፋቅ የለብሽም። ያልተነሳ፣ ያልተሰነጠቀ ቀለም ጥሩ መሠረት ነው። ማብረቅረቁ ግን አንድም ቦታ መቅረት የለበትም። ሜዳ ሜዳውን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሂጂበት። ሸንተረሩንና ጥጉን በማሽን አትሞክሪው፤ በጣትሽ ነው የሚገባው። ስትጨርሺ ሲመሽ ጠብቂና የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገሽ አብሪበት። መልሶ የሚያበራብሽ ቦታ ነገ የሚላጠው ቦታ ነው። ዝገቱን ግን አትራሪለት። በሽቦ ብሩሽ ላሜራው ነጭ እስኪሆን ፍቂው፣ ከዚያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ላሜራውን የሚይዘውን የመሠረት ቀለም፣ ቀቢው።

ቅባት ማስወገጃ ከመፋቅሽ በፊትም በኋላም ያስፈልጋል። በፊት ካላጸዳሽ ቅባቱን በብርጭቆ ወረቀቱ እያሸሽ ጭረቱ ውስጥ ታስገቢዋለሽ። ሁለት ጨርቅ ያዢ። አንዱ ያረጥባል፣ ሌላው ወዲያው ይጠርጋል። በራሱ ይድረቅ ብለሽ ከተውሽው ቅባቱ ተመልሶ እዚያው ይተኛል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ በብዙዎቹ ዓይነት አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይዞ ይመጣል፣ 250 ማጠንከሪያ ትጨምሪበታለሽ፤ 3 ለ 1 ማለት ነው። አራቱ 4 ሊትር ይሆናሉ። ለደብል ጋቢና ካሶኒ ሁለት ዙር ያዳርሳል። አራቱን ባንዴ እንዳትበጠብጪ! ማጠንከሪያው ከገባ በኋላ 20 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሰዓት ገደማ ነው ያለሽ፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ያጥራል። የእኔ አንዱ ጠርሙስ ስልክ ሳናግር ከነቱቦው ደርቆ ቀርቷል።

የነጯ እመቤት፦

ተባረክ። ባትሪውን ማታ ሞከርኩት፤ ጨርሻለሁ ያልኩት ካሶኒ ገና ግማሹ ያበራል። አረጫጨቱስ? ደግሞ የወለሉን ቀዳዳዎች ምን ላድርጋቸው?

ሁለቴ የቀባ፦

መጀመሪያ ካርቶን ላይ ተለማመጂ። ግፊቱን ስትቀንሺ ፍንጣቂው ይተልቃል፣ ሽፋኑም ይሻክራል። ስትጨምሪ ይደቅቃል። በኮምፕሬሰሩ የግፊት መለኪያ ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ መሃል ብትጫወቺ አይጠፋሽም። መርጫውን ክንድ ያህል አርቂው፤ እጅሽ ግን አይቁም፣ የቆመበት ቦታ ቀለሙ ተንጠባጥቦ ይወርዳል። የመጀመሪያው ዙር ሳሳ ይበል፣ ሥሩ ትንሽ ቢታይ አትደንግጪ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ሁለተኛውን በተቃራኒ አቅጣጫ ሂጂበት።

ኮምፕሬሰሩ ላይ የውሃ ማጣሪያ ይኑር። ውሃና ማጠንከሪያው ሲገናኙ ጋዝ ይፈጥራሉ፣ ሽፋንሽ በአረፋ ይነፋል። በዚሁ ምክንያት ላሜራው ላይ ጤዛ እያለ ማለዳ አትጀምሪ።

የቡለን ቀዳዳዎቹን የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ ወትፊባቸው፤ ቀስ ብለሽ ስታወጪው ጠርዙ ንጹህ ሆኖ ይቀራል። የውሃ መውረጃዎቹንም እንደዚያው። የጠርዙን ፕላስተር ሽፋኑ እርጥብ እያለ ላጪው። ከደረቀ አብሮ ይነሳል ወይ በምላጭ ትሟገቻለሽ።

ቀለም ቤት የነበረ፦

ማስኩን ማንም አልመለሰላትም። ከሁሉም መቅደም የነበረበት እሱ ነው።

ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ይባላል። የሚሸትሽ ቲነሩ ነው እንጂ እሱ አይደለም፤ ስለዚህ «ሽታው ቀላል ነው» ብለሽ እንዳትዘናጊ። ተራ የአቧራ ማስክ ለእንፋሎቱ ከሻርፕ አይሻልም።

እኔ የመኪና ቀለም ስረጭ ነው የኖርኩት። ለዓመታት ምንም አላለኝም። ከዚያ ማታ ማታ ሳል ጀመረኝ፤ ጉንፋን መሰለኝ። ዕረፍት ስሆን ይተወኛል፣ ሥራ በገባሁ በማግስቱ ደረቴን ይዞ ቁጭ። ሐኪሙ ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ ነው ነገሩ የታወቀው፤ አስም። ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ ትንሿም ትበቃዋለች። ዛሬ ሰው የሚረጭበት ጋራዥ በር ላይ ቆሜ እንኳ ትንፋሼ ይቆረጣል። ሥራውን ተውኩት።

ትክክለኛው መሣሪያ ንጹህ አየር በቱቦ ከሌላ ቦታ የሚያመጣ የፊት መሸፈኛ ነው። የሚከራይ ካገኘሽ ተከራዪ። ካጣሽ፣ ገና ያልተከፈተ የእንፋሎትና የብናኝ ማጣሪያ ያለው ማስክ ዝቅተኛው ነው፤ ያውም ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባሽ አድርገሽ። የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን በፍጹም። ዓይንሽን ሸፍኚ፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሺ፤ ቆዳም ያስገባዋል። ልጆችና ጎረቤት ይራቁ። ጢማም ዘመድ «ላግዝሽ» ቢልም መልሺው፤ ጢም ላይ ማስክ አይገጥምም።

ባለ ሮለሩ፣ ያንተ ጉም ስለሌለው ይሻላል፤ ያለ ማስክ ግን አይደለም።

ባለ ሮለሩ፦

እኔ አፌ ላይ ፎጣ አስሬ ነበር የቀባሁት። አሁን ሳስበው ላብ አሰመጠኝ። ቆይ ግን፣ ጋራዥ የሚረጩት ወዲያው ይደርቃል፣ የእሷ ለምን ቀናት ይፈጃል?

ሁለቴ የቀባ፦

እነሱ የሚረጩት አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዕቃ ነው፤ ፖሊዩሪያ ወይም እሱን የተቀላቀለ። ሁለቱን ፈሳሽ አሙቆ በከፍተኛ ግፊት መርጫው አፍ ላይ የሚያገናኝ ማሽን ይፈልጋል። በሰከንዶች ውስጥ ይጨብጣል። ያንን ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም። የእሷ ላይ ቀላል ዕቃ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መጫን ይቻላል፤ ብሎኬቱ ግን ሳምንት ይጠብቅ።

የነጯ እመቤት፦

ጨረስኩ! ፍቄ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ለመርጨት ከነመጠበቁ ግማሽ ቀን። ያየር ቱቦ ያለውን ማስክ የሚያከራይ አገኘሁ። ለብሼው ስወጣ የጎረቤት ልጅ አይታኝ እየጮኸች ወደ ቤቷ ሮጠች።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ዝንጉርጉር ሆኖ ሳየው ማልቀስ ነበር ያማረኝ። «አትደንግጪ» ያልከኝን እያሰብኩ ቆየሁ። ሁለተኛው ሲገባበት ሸፈነው። አንዱ ስፖንዳ ላይ እጄ ቆሞ ሁለት ቦታ ወርዷል፤ እኔ ካላሳየሁት ማንም አያየውም። የኋለኛው በር ፕላስተር ሳልደርስበት ደርቆ በምላጭ ቆርጬ ነው ያነሳሁት። ሳምንቱን ጠብቄ ትናንት የመጀመሪያውን ፌሮ ጫንኩ። ወለሉ ላይ አሻራው እንኳ የለም።

አንድ ነገር ብቻ። ማታ ዘነበ፣ ጠዋት ሳይ ከግራ ጥግ ውሃ ተኝቷል። የውሃ መውረጃዎቹን ስፖንጅ አውጥቼ ስቆጥር አራት ነበሩ። አምስተኛውን ከነመድፈኛው ረጭቼበታለሁ። ውሃው ውስጥ እጄን ከትቼ በጣቴ እየዳበስኩ አንድ ለስለስ ያለች ቦታ አገኘሁ። ምላጩን አምጥቼ በስሱ ዙሪያዋን ቆረጥኳት። ስፖንጁ ብቅ አለ፣ ውሃውም ሄደ።