«ዘመቻ ላይ ያለ የጦር አዛዥ የማይቀበለው የንጉሥ ትእዛዝ አለ»፦ የቻይናውያኑ አባባል ትርጉም

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቻይናውያን «ጂያንግ ዛይ ዋይ፣ ጁን ሚንግ ዮው ስዎ ቡ ሾው» የሚሉት አባባል ፍቺው ከላይ በርእሱ ያሰፈርኩት ነው። ይህ አባባል የታወቀ ከነበረ፣ የቻይናው የሶንግ መንግሥት የጦር መሪ ዩዌ ፌይ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1140 ጠላት ወደ ያዛት የቀድሞ ዋና ከተማ ወደ ካይፌንግ እየገፋ ሳለ ተመለስ ሲባል ለምን እሺ አለ?

መልስ 1፦
ምንጩ በጥንታዊው የጦር ሊቅ በሱን ዉ (ሱን ዙ) ስም የሚታወቀው የጦርነት መጽሐፍ ነው። እዚያ መጀመሪያ የማይኬድበት መንገድ፣ የማይመታ ጦር፣ የማይጠቃ ከተማ እንዳለ ይነገርና የንጉሥ ትእዛዝ በመጨረሻ ይመጣል፤ ስለዚህ አዛዡ የማይቀበለው አንዳንዱን ትእዛዝ እንጂ ሁሉንም አይደለም። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺያን እንደ ጻፈው ዉ የተባለው ግዛት ንጉሥ ሄሉ 180 የቤተ መንግሥት ሴቶችን እንዲያሠለጥን ለሱን ዉ ሰጠው፤ እርሱም ሁለቱን የንጉሡን ተወዳጆች አለቃ አድርጎ ከበሮ ቢያስመታ ሴቶቹ ሳቁ። ትእዛዝ ግልጽ ካልሆነ ጥፋቱ የአዛዡ ነው ብሎ ደግሞ አስረዳቸው፤ አሁንም ሳቁ። አለቆቹን ሊሰይፋቸው ሲል ንጉሡ «ያለ እነርሱ ምግብ አይጣፍጠኝም» ብሎ ቢለምነውም፣ ይህንኑ አባባል መልሶለት አሰየፋቸው። (ነገሩ የሆነው ንጉሡ እያየ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

መልስ 2፦
በተግባር ግን ፈቃዱ ጠባብ ነበር። ዱ በተባለ ስፍራ ስም የሚጠራው፣ የንጉሥ ትእዛዝ እውነተኛነት የሚረጋገጥበት የቺን መንግሥት የነሐስ ነብር ለሁለት የተከፈለ ሲሆን ቀኙ በንጉሡ፣ ግራው በአዛዡ እጅ ይቀመጥ ነበር። የተቀረጸበት ጽሑፍ እንደሚለው ከ50 በላይ ታጣቂ የሚንቀሳቀሰው ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ ብቻ ነው፤ የጠላት መምጣት ምልክት የሆነው እሳት ከነደደ ግን ሳይገጥሙም መዝመት ይቻላል።

መልስ 3፦
ጠያቂው ያነሡት የዩዌ ፌይ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ሶንግን በ960 የመሠረተው ዣኦ ኳንግዪን ራሱ ወታደሮቹ ያነገሡት ጄኔራል ስለነበረ፣ ቤተ መንግሥቱ ከጠላት ባልተናነሰ የገዛ አዛዦቹን ይፈራ ነበር። በአንድ ቀን ደረሱት የሚባሉት 12 የጥሪ ሰሌዳዎችም ብዙዎች እንደሚያስቡት ወርቅ ሳይሆኑ፣ ፈጣን መልእክተኛ የሚይዛቸው በወርቅ ቀለም የተጻፉ ቀይ እንጨቶች ናቸው። በጎኑ የነበሩት ጦሮች ቀድመው ስለተመለሱ፣ እንቢ ቢል ብቻውን ከመቅረቱም በላይ በዐመፅ ይቆጠርበት ነበር። እሺ ማለቱም አላዳነው፤ በዐመፅ ተከሶ በጥር 1142 ተገደለ። ጄኔራል ሃን ሺዦንግ የክሱ ማስረጃ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ዋናው ሚኒስትር ቺን ሁዪ «ምናልባት ሳይኖር አይቀርም» ብሎ መለሰለት።