ሎጉን አጠፋሁት፣ ዲስኩ ግን አሁንም ሙሉ ነው

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 40 ጊጋ ዲስክ ያለው የኡቡንቱ ሰርቨር አለን። ትናንት ማታ ጢም ብሎ ሞላና አፕሊኬሽኑ መጻፍ አቃተው። ቫር ሎግ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገብቼ ሳይ 22 ጊጋ የደረሰ የሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሚሠራውን የሚመዘግብበት) አገኘሁ፣ አርኤም በሚባለው የማጥፊያ ትእዛዝ አጠፋሁት። ፋይል በሚዘረዝረው ኤልኤስ ሳይ የለም። ዲስኩ ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳየው ዲኤፍ ግን አሁንም 100 ፐርሰንት ይለኛል! የፋይሎችን መጠን በሚቆጥረው ዲዩ ስደምረው ደግሞ ያለው 15 ጊጋ ብቻ ነው። 22 ጊጋው የት ገባ? ሪቡት እንዳላደርገው ሰው እየተጠቀመበት ነው። ጨንቆኛል።

መልስ 1፦
አይዞህ፣ የትም አልሄደም፣ እዚያው ነው። አርኤም የሚያነሳው ስሙን ነው። ዳታው የሚለቀቀው ስሙም ጠፍቶ፣ ከፍቶ የያዘው ፕሮሰስም (እየሠራ ያለው ፕሮግራም) ሲዘጋው ነው፤ ያንተ አፕሊኬሽን ደግሞ ፋይሉን እንደከፈተ ነው፣ ምናልባት አሁንም እየጻፈበት ነው። ዲዩ ስም እየተከተለ ስለሚቆጥር አያየውም፣ ዲኤፍ ግን ፋይል ሲስተሙን ስለሚጠይቅ ያየዋል። ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬጃ) ኤልኤስኦኤፍ (የተከፈቱ ፋይሎችን ዘርዛሪ) ብለህ ጻፍ፣ ክፍተት ተውና የመደመር ምልክት፣ ትልቁን ኤል እና 1 አያይዘህ ጨምር። ከፍተው የተያዙ ግን ስም የሌላቸውን ፋይሎች ብቻ ያወጣልሃል። ሱዶውን አትተው፣ ያለሱ የሌላ ዩዘር ፕሮሰስ የያዘውን አታይም።

መልስ 2፦
ኤልኤስኦኤፍ ከሌለህ ዲስክ በሞላበት ሰዓት ልጫን ብለህ አትታገል። ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ሥር እያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ ፎልደር አለው፣ በውስጡ የከፈታቸው ፋይሎች በቁጥር የሚታዩበት ኤፍዲ የሚባል አለ። እዚያ ኤልኤስን በሰረዝ ኤል ስታሄድ፣ የጠፋው ፋይል መጨረሻው ላይ በቅንፍ «ዲሊትድ» ተብሎ ይታይሃል።

ጠያቂ፦
አገኘሁት!! ጃቫ ነው። የፕሮሰስ ቁጥሩ 2314፣ ኤፍዲው 7። አሁን ኪል ላድርገው (በግድ ላስቁመው)?

መልስ 1፦
ቆይ፣ ኪል አታድርግ። ሰርቪሱን በሥርዓቱ ሪስታርት ብታደርግ ይለቀቃል፣ ንጹሑ መንገድም እሱ ነው። ካልቻልክ ግን ፕሮክ፣ 2314፣ ኤፍዲ፣ 7 የሚለውን መንገድ በትረንኬት መጠኑን 0 አድርገው፣ ፕሮሰሱ ሳይቆም ቦታው ይመለሳል። ሎጉ የሚያስፈልግህ ከሆነ መጀመሪያ በሲፒ ከዚያው መንገድ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው፣ ይዘቱ እንዳለ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ሎግ መሆኑን እርግጠኛ ሁን። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ለምሳሌ ሆን ብሎ ስማቸውን አጥፍቶ የሚሠራባቸው ጊዜያዊ ፋይሎች አሉት፣ እነሱን ባዶ ብታደርግ ሌላ ጣጣ ታመጣለህ።

መልስ 3፦
ነገ ተመልሶ እንዳይሞላ ሎጎችን በየጊዜው እያዞረ (የድሮውን ወደ ጎን አድርጎ አዲስ እያስጀመረ) አሮጌዎቹን የሚሰርዘውን ሎግሮቴትህንም እየው። ፋይሉን አዙሮ ለፕሮግራሙ ካልነገረው ፕሮግራሙ አሮጌው ላይ መጻፉን ይቀጥላል፣ ያ ፋይል ሲሰረዝ እንዲህ ያለው ነገር ይመጣል። ለምሳሌ ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ዩኤስአር1 የሚባል ሲግናል (መልእክት) ሲላክለት ሎጉን እንደ አዲስ ይከፍታል። ፕሮግራምህ ሲግናል የማይቀበል ከሆነ ሎጉን ገልብጦ ዋናውን ባዶ የሚያደርገውን ኮፒትረንኬት የሚለውን የሎግሮቴት አማራጭ ተጠቀም፣ በመገልበጡና ባዶ በማድረጉ መሃል ጥቂት መስመር ሊጠፋ እንደሚችል ግን እወቅ።

ጠያቂ፦
ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ ባዶ አደረግኩት፣ ዲኤፍ ወዲያው 41 ፐርሰንት ላይ ወረደ። እግዜር ይስጥልኝ! ሎግሮቴቱን ከፍቼ ሳይ ይሄ ሎግ ጭራሽ አልተካተተም፣ አሁን እየጨመርኩት ነው።