ሦስተኛውን ቅጽ ጨርሼ ቀጣዩ ጠፍቶኛል

የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ለሥራ ወደ መሐል ከተማ ስመላለስ አውቶቡስ ላይ መንገዱን እንዲያሳጥርልኝ የጀመርኩት የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል»፣ ከ1966ቱ አብዮት ዋዜማ ተነሥቶ በመባቻው በኩል እስከ ማግሥቱ በሦስት ቅጽ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ ሳላስበው የረጅም ታሪካዊ ልብ ወለድ ፍቅር አሳደረብኝ። የመጨረሻውን ቅጽ በጨረስኩበት ማታ (ፌርማታዬን አልፌ ነበር የወረድኩት) እንግዳ እንደ ሸኘ ቤት ጭር አለብኝ።

ከዚያ ወዲህ ተቸግሬያለሁ። የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን፣ ከ1847 ንግሥናቸው እስከ 1860 የመቅደላ ፍጻሜ፣ በበርካታ ቅጾች የሚተርክ የአማርኛ ልብ ወለድ እፈልጋለሁ፤ በነጠላ መጽሐፍ የቀረቡትንማ አንብቤያለሁ፣ ነገር ግን ሰዎቹን መላመድ ስጀምር ያልቁብኛል። ባለፈው ቅዳሜ ዐብርሆት ቤተ መጻሕፍት ብሄድም፣ ርእስ ሳልይዝ በመሄዴ ከየትኛው መደርደሪያ እንደምጀምር እንኳ ግራ ገባኝ።

የሚያውቅ ሰው ካለ ርእሱን፣ የቅጾቹን ቅደም ተከተል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመካከሉ ቅጽ ሳይጎድል የት እንደሚገኝ ቢጠቁመኝ እጅግ አመሰግናለሁ፤ የ«ማዕበል»ን ሁለተኛ ቅጽ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ስፈልግ ስንት ቅዳሜ እንደ ባከነብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።